ትእዛዝ የማይሰጡት ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ማረፋቸውን የሰማሁት አብሮን ይማር የነበረው ወጣት ናቲ በእንግሊዝኛ ከላከልኝ የአንድ መስመር መልእክት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በዜና ሥራ የቆየ ሰው እንደሚያደርገው ከማዘኔ በፊት ሁለተኛ ምንጭ ፈለግኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ስልኩን ራሳቸው አነሱት።

«አዎ ልጄ፣ እውነት ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል። «ሰዉ እየመጣ ነው፤ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው» አሉ።

የእድራችንን ተጣጣፊ ወንበሮች መኪናዬ ላይ ጭኜ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለው ቤታቸው የደረስኩት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ወንበር በሊፍት ወደ አሥራ አንደኛ ፎቅ ሳወጣ ነው ወይዘሮ ጽጌ «ወንበር አምጣ» እንዳላሉኝ ያስተዋልኩት። በዚያ ቤት ሰው ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም። ሆኖም የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

ስለ ሟቹ የማረጋግጠው ይህን ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለው በሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ወጡ። በኬንያ በኩል ቶሮንቶ ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም የአንድ ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበሩ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በበረዶ ጊዜ እንኳን ጫማቸው ይወለወላል።

ስለ ማዕረጋቸው አንድ ነገር ልጨምር። ቶሮንቶ ውስጥ የቀድሞ ወታደር ማዕረግ እያደገ ይሄዳል። ኤርፖርት ሲወርድ አሥር አለቃ የነበረ ሰው ለፋሲካ መቶ አለቃ ይሆናል፤ ልጁን ሲድር ደግሞ ሻለቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሚቆጣ የለም፣ ማስረጃ የሚጠይቅም የለም። እንዲህ ያለውን ሹመት እምቢ ያሉ የማውቃቸው ሰው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ብቻ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ሻምበል፣ እንደምን አደሩ» ያላቸውን ሰው «ሻምበል ዛሬ አልመጣም። ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ መልእክት ካለህ አደርስልሃለሁ» ይሉት ነበር።

አሁን ወደ ዘዴያቸው ልምጣ። ሃምሳ አለቃ አያዝዙም፤ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ በቀኝ አውራ ጣታቸው የጆሯቸውን ጀርባ ያክካሉ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ መልሱ እሳቸውን የማይመለከት ይመስል ዓይናቸውን ወደ ውጭ ይወረውራሉ። ተጠያቂው ትንሽ ያስባል፤ አንድ ግሩም ሐሳብ ይመጣለታል፤ ይናገራል። እሳቸው በአድናቆት ዞር ብለው «ይህ ደግሞ እንዴት መጣልህ?» ይላሉ። ነገሩ ዘዴ መሆኑን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንጀራዬ ሰው መጠየቅ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ያቋረጥኩትን ዲግሪ ልጨርስ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ነበር። የቀረኝ አንድ ኮርስ ነው። አንድ ጠዋት ከሃምሳ አለቃ ጋር ባስ ውስጥ ተገናኘን። በኤግሊንተን ጎዳና በሚካሄደው ግንባታ መንገዱ ጠብቦ ባሱ ከቆመ ቆይቷል። ሹፌሩም ተስፋ ቆርጦ ሳንድዊቹን ፈቷል። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸውን አከኩ።

«ጋዜጠኛ ስለ ጦርነት ሲጽፍ» አሉ፣ «መኮንን የሚባለው ሰው ምን ተምሮ መኮንን እንደሆነ ከየት ነው የሚያውቀው?»

ከዚያ በመስኮቱ አሻግረው ክሬኑን ማየት ጀመሩ።

ሳብዌይ ጣቢያው ሳንደርስ ሐሳቡ መጣልኝ። ዩኒቨርሲቲው የመኮንንነት መግቢያ ኮርስ እንደሚሰጥ ዝርዝሩ ላይ አይቼ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ካርታ ማንበብ፣ ሰልፍ፣ ትእዛዝ አሰጣጥ፣ በመጨረሻም የአመራር ፈተና አለው። የወሰደው ሰው ጦር የመግባት ግዴታ የለበትም፤ ዕድሜም አይጠየቅበትም። ልመዘገብ መወሰኔን ነገርኳቸው።

«አይ አንተ ጋዜጠኛ» አሉ በአድናቆት። «ከነዚያ ሁሉ ልጆች ጋር ብቻህን አይደብርህም?»

አብረውኝ እንዲማሩ ለመንኳቸው። ለመንኳቸው ነው የምላችሁ። ለአረጋውያን ትምህርቱ ነፃ መሆኑን፣ እሳቸውም ፎርሙን ከሁለት ሳምንት በፊት ሞልተው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ይዞሩ እንደነበር ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አስተማሪያችን ካፒቴን ሆሊስ የምትባል የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ቁጥብ ናት፤ ሁሉን ነገር ትጽፋለች። ከሃያ ተማሪዎች ውስጥ ከኔና ከሃምሳ አለቃ በቀር ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈው አልነበረም። በቡድናችን ማያ የምትባል የምህንድስና ተማሪና ናቲ ነበሩ። ናቲ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የኛው ልጅ ነው፤ በአማርኛ የተባለውን ሁሉ ይሰማል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። «ጋሼ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተረጉምም።

በመጀመሪያው ቀን ሆሊስ እያንዳንዳችን ለምን እንደመጣን ጠየቀች። የሃምሳ አለቃ ተራ ሲደርስ ተነስተው ቆሙ።

«ሆስፒታል በር ላይ መኪና አሳልፍ ነበር» አሉ። «ብዙ ሰው አሳልፌያለሁ። አሁን ደግሞ ያለፈው ሰው ወዴት እንደሚገባ ልይ ብዬ ነው።»

ስለ አሥራ ዘጠኙ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሆሊስ ልቧ ተነክቶ ጻፈችው። እኔ ዝም አልኩ። ምንጩ ያላወጣውን አላወጣም።

ቀጥሎ ሰልፍ ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ፣ ሠልጣኞችን በሰልፍ ሲያደርቁ የኖሩት ሰው፣ ግራ እግራቸውን ከግራ እጃቸው ጋር አብረው እየወረወሩ መራመድ ጀመሩ። ይህን ማድረግ በጣም ከባድ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ሆሊስ ሦስት ቅዳሜ በትዕግሥት አረመቻቸው። ናቲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ ጋሼ አሳዘኑኝ አለኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ የሰልፍ ረዳት መጣ፤ ሳርጀንት ዶይል ይባላል፤ ከኒውፋውንድላንድ የመጣ፣ አንገቱ የት እንደሚጀምር የማይታወቅ ሰው ነው። የሃምሳ አለቃን አረማመድ ለጥቂት ጊዜ አየ። ከዚያ ፊታቸው ሄዶ ቆመና ጫማቸውን ተመለከተ።

«ስንት ዓመት?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እኔ ሃያ ሁለት» አለና አልፏቸው ሄደ። ለሆሊስ ምንም አልነገራትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሃምሳ አለቃ እጅና እግር በድንገት ተስማሙ፤ ሆሊስም ሦስት ሳምንት የለፋችበት ውጤት በማግኘቷ ፊቷ በራ።

ለምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው።

«ልጆቹ አንዳቸው ሲሳሳት ሌሎቹ ይስቁ ነበር» አሉኝ። «ከኔ በኋላ በማን ይሳቃል?» ትንሽ ተራመዱና «ደግሞ ደስ ይላል» ብለው ጨመሩ።

እስከዚህ ድረስ ኮርሱ ለሳቸው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ኅዳር ላይ የአመራር ፈተናው ሲመጣ ተሳስቼ እንደነበር ገባኝ። በዚያ ጠዋት ባስ ውስጥ አልቀለዱም። ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ።

ፈተናው በጂም አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወለሉ ላይ በሰማያዊ ቴፕ ወንዝ ተሰምሯል። ሦስት በርሜል፣ ሦስት አጫጭር ጣውላ፣ አንድ ገመድ ተሰጥቷል። አንዱ ተማሪ አዛዥ ሆኖ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ቡድኑንና አንድ የመድኃኒት ሣጥን ወንዙን ሳይነኩ ያሻግራል። ሆሊስና ዶይል ዳር ቆመው ይመዝናሉ። ይህን ፈተና ያላለፈ ሰው በሌላው ሁሉ መቶ ቢያመጣ ኮርሱን ይወድቃል።

ሃምሳ አለቃ አዛዥ ሆኑ። ጣውላዎቹን አዩ። ጆሯቸውን አከኩ። ማያን፣ ድልድይ ሲሠራ ብረቱ አጭር ከሆነ ምን ይደረጋል ብለው ጠየቋት፤ ከዚያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ማያ ሁለቱን ጣውላ አደራርባ ማሰር እንደሚቻል ታያት። ናቲን፣ ቅርጫት ኳስ ስትጫወቱ መጀመሪያ የሚሮጠው ማነው አሉት፤ ናቲ ቀድሞ ለመሻገር ራሱ ጠየቀ። እኔም ሣጥኑን በገመድ ስለማንጠልጠል አንድ በጣም ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ፤ እስካሁንም እኮራበታለሁ። በዘጠኝ ደቂቃ ጨረስን። ከቡድኖቹ ሁሉ ፈጣኖች ነበርን። እርስ በርስ ተጨባበጥን፤ ዶይል ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሆሊስ የሰጠቻቸው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነበር። ተፈታኙ አንድም ትእዛዝ አልሰጡም። ቡድኑን የመራችው ማያ ናት። ውጤት፦ አላለፉም።

ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው በአራት አጠፉት።

እኔ ተናደድኩ። ወደ ፍሌሚንግደን ስንመለስ ባሱ ውስጥ አቤቱታ እንድንጽፍ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ይህኛው እውነትም የራሴ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካፒቴኗ ልጅ ትክክል ናት» አሉ። «እንዲያውም ከዚህ በፊት ያወቀብኝ መርማሪ አልነበረም።»

ታሪኩን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ስንቅ የጫኑ ሰባት መኪናዎች ወደ አንድ የጦር ሰፈር ይዘው ይጓዙ ነበር። አዛዡ ምክትል መቶ አለቃ ግርማ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። የደረቀ ወንዝ ዳር ደረሱ፤ ከላይ ደጋው ላይ ደመና አለ። መቶ አለቃው ውሃ ይመጣል ብሎ ለማደር አስቧል። ሃምሳ አለቃ ለመድረስ ቸኩለዋል። ጆሯቸውን አከኩና «እዚህ ካደርን ነገ እዚያ ያለው ወታደር ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁ። መቶ አለቃው ትንሽ አሰበና ተሻገሩ ብሎ አዘዘ። ሦስት መኪና ተሻገረ፤ አራተኛውን ጎርፍ ወሰደው። ሹፌሩ በዋና ወጣ፤ ዱቄቱ ሁሉ ሄደ።

«መርማሪው ማን ነው ያዘዘው ብሎ ጠየቀኝ» አሉ። «መቶ አለቃው ነው አልኩ። እውነት ነው፤ እሱ ነው ያዘዘው። ሁለት ወር አሰሩት። ሹመቱን አገዱ፤ ወደ ሌላ ክፍል ወረወሩት። እኔን በሥነ ሥርዓቴ አመሰገኑኝ።»

እንዲህ ዓይነቱን መልስ በሙያዬ አውቀዋለሁ። ቃሉ አንድ በአንድ ይረጋገጣል፤ ጠቅላላው ውሸት ነው።

«ሻምበል ሲሉኝ ለምን እንደምቆጣ ገባህ?» አሉኝ። «መኮንን ማለት ኋላ ላይ እኔ ነኝ የሚል ሰው ነው። እኔ አላልኩም። አንድ ጊዜ ሳልል እንዳልሞት ነው ኮርሱ ውስጥ የገባሁት።»

ሕጉ ሁለተኛ ፈተና አይፈቅድም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃምሳ አለቃ ከሆሊስ ጋር ኮሪደር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ አሁን አውራ ጣታቸውን መጠባበቅ ለምጃለሁ። ጦር ሜዳ ላይ ለተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ እንደሚያውቁ ነገሯት፤ ትምህርት ቤት ከጦር ሜዳ በምን እንደሚለይ ጠየቋትና የእሳት ማጥፊያውን ማየት ጀመሩ። ከሳምንት በኋላ ሆሊስ ስታስብበት ቆይታ፣ የወደቁት አራት ተማሪዎች እንደገና እንዲፈተኑ ኃላፊዋን አስፈቅዳ መምጣቷን አስታወቀች። በሐሳቧ ኮርታ ነበር።

ዝግጅቱ የተካሄደው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነው። እኔ ታዛዥ ሆኜ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራቸው «ውሃ አምጣልኝ» ብለው ማዘዝ ብቻ ነበር። ፊት ለፊቴ ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ቤቱ አይሞቅም?» አሉ።

ወይዘሮ ጽጌ ከወጥ ቤት ውሃ ይዘው ወጡ።

«ጽጌ፣ አበላሸሽው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አምጪ ብሎኝ አያውቅም» አሉኝ ወይዘሮ ጽጌ ብርጭቆውን እያስቀመጡ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳመላልስ ኖሬያለሁ።»

በሦስተኛው ቀን «አምጣ» የሚለው ቃል ወጣ። ድምፁ ትልቅ ስለነበር ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

የሁለተኛው ፈተና ቀን ያው ወንዝ፣ ያው በርሜል፣ ያው ሣጥን ነበር፤ ጣውላዎቹ ግን ሁለት ብቻ ሆነዋል። ሃምሳ አለቃ መሐል ቆመው ያዝዙ ጀመር። አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ፣ ገመዱን ከመጀመሪያው በርሜል ጋር እሰረው። ናቲ ገመዱን ይዞ ቆመና በእንግሊዝኛ፣ ጋሼ፣ ይህ በርሜል የሚንከባለል ይመስለኛል አለ። ማያም ራሷን ነቀነቀች። እኔም ይንከባለላል ብዬ አስቤያለሁ።

«አይሆንም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እንዳልኩህ እሰረው።»

ናቲ በደንብ አሰረው። ሣጥኑን ስንጎትት በርሜሉ ተንከባለለ፤ ጣውላው ተንሸራተተ፤ መድኃኒቱ ወንዙ መሐል ተገለበጠ። ያንን ስናነሳ አሥራ አምስቱ ደቂቃ አለቀ። ማንም አልተሻገረም። ከቡድኖቹ ሁሉ የመጨረሻዎቹ ነበርን።

ሆሊስ ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀች። ናቲ ከማንም ቀድሞ፣ ቋጠሮውን ያላላሁት እኔ ነኝ አለ። ደግ ልጅ ነው፤ እኔም ተመሳሳይ ውሸት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

«ይህ ውሸት ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ። እንግሊዝኛቸው እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም። «ልጁ በደንብ ነው ያሰረው። እንደሚንከባለልም ነግሮኛል። ትእዛዙ የኔ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሆሊስ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ዶይል በዚህኛው ጊዜ ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ፤ ተልዕኮው አልተሳካም፣ ተፈታኙ አልፈዋል። የኮርሱ ጠቅላላ ውጤታቸው ሲ ማይነስ ነው፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ።

አንድ ያላረጋገጥኩት ነገር አለ። በጦሩ ውስጥ ስንቅ ሲያስጭኑና ሲያሳስሩ የኖሩ ሰው በርሜል እንደሚንከባለል ሳያውቁ ይቀራሉ? ወይስ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስህተት አስፈልጓቸው ነበር? ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብለው ወደ ውጭ አዩ። ማስረጃ ስለሌለኝ እተወዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን «የጠፋ ሰው በጋዜጠኛ ይገኛል?» አሉኝ። ምን እየተደረገብኝ እንደሆነ በሚገባ አውቄ፣ መቶ አለቃ ግርማን መፈለግ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አዳማ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አላቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን ደወልን። ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆመው ነው ያወሩት።

«መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነኝ» አሉ። «ወንዙን እንሻገር ያልኩት እኔ ነኝ። ለመርማሪው መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ።

«ደምሴ» አሉ መቶ አለቃ ግርማ፣ «አንተ ጆሮህን ስታክክ እኮ ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። እኔ የማላውቅ መስሎህ ኖሯል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሃምሳ አለቃዬ ጥያቄ ጠየቀኝ ልበል? ሐሳቡ ያንተ ነበር። ትእዛዙ የኔ ነው። በዚህ ዕድሜዬ አትቀማኝ።»

ሃምሳ አለቃ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወይዘሮ ጽጌ ውሃ አቀረቡላቸው፤ ማንም ስለ ሙቀት አላነሳም። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም አንድ ሰዓት ተጨዋወቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየእሑዱ ይደዋወሉ ነበር።

በቀብሩ ዕለት የሆነውን እንዳየሁት ልጻፍ። የእድሩ ሊቀመንበር የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ «ሃምሳ አለቃ» አለ፤ አንድ ማዕረግ አልጨመረም። እሱ ለማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ካፒቴን ሆሊስ፣ አሁን ሻለቃ ሆናለች፣ ሙሉ የክብር ልብሷን ለብሳ ከዶይል ጋር መጣች። ሬሳው ሲያልፍም መጀመሪያ ወታደራዊ ሰላምታ የሰጠችው እሷ ናት። ሣጥኑን የተሸከሙትን ስድስት ሰዎች የመራው ናቲ ነው። በበረዶው ላይ «ቀስ በሉ፣ ግራ፣ አሁን አውርዱ» ሲል አማርኛው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እናቱ ከለቅሶዋ ቀና ብላ አየችው።

እንደ ልማዴ ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ፣ ማዕረጉን እንዳለ ማንበብ የራሴ ሐሳብ ነው አለኝ፤ ባለፈው ዓመት ሃምሳ አለቃ፣ ሰው ሲቀበር ማዕረጉን የሚያጣራው ማን እንደሆነ እንደጠየቁት ግን ያስታውሳል። ሆሊስም የራሴ ሐሳብ ነው አለች፤ መኮንን የሃምሳ አለቃ ቀብር ላይ ምን እንደሚለብስ አንድ ጊዜ እንደ ቀልድ ጠይቀዋት ነበር። ናቲ ትከሻውን ሰበቀ፤ ጋሼ «በረዶ ላይ ስድስት ሰው አንድ ላይ እንዲራመድ በየትኛው ቋንቋ ይታዘዛል?» ብለውት እንደነበር በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ወይዘሮ ጽጌን አልጠየቅኳቸውም። ወንበር ሳመላልስ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንኩት እኔው ራሴ፣ ከቀብር ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ነው። እንዲህ ብዬ ልጨርስ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀን ላጣራ ብዬ የማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ባለፈው ጥር ባስ ውስጥ ከሃምሳ አለቃ ጋር የተገናኘንበትን ገጽ አገኘሁ። ጋዜጠኛ የሚጽፈው ስለ ጄኔራሎች ብቻ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ከሥሩ በራሴ እጅ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ እንዲህ ይላል፦ «ስለ አንድ ሃምሳ አለቃ ልጽፍ። ጥሩ ሐሳብ፤ የራሴ።»

ሐሳቡ የሳቸው ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ካለበት የኔ ነው።